ለወረዳው የሚቀርበው የቆሻሻ አያያዝ የጋራ ሐሳብ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሰኞ ምሽት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተቀላቀላችሁን የእድሩ፣ የቤት ለቤት ቆሻሻ ሰብሳቢዎችና የአጎራባች አርሶ አደሮች ተወካዮች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እሑድ ዕለት በብሎክ 9 ሥር ባደረግነው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ለወረዳው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ሁለተኛ ረቂቅ ተዘጋጅቷል። ሙሉው ስድስት ገጽ በመሆኑ እዚህ የማቀርበው ክርክር ያስነሳሉ ያልኳቸውን አራት ነጥቦች ብቻ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለይቶ በሁለት ዕቃ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ የሚበሰብሰው ወደ ገንዳው መሄዱ ቀርቶ እዚሁ ኮምፖስት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሃይላንዱ፣ ካርቶኑ፣ ጀሪካኑና ቁርጥራጭ ብረቱ በማኅበራችን በኩል ተሽጦ ገቢው ለጥበቃና ለመተላለፊያ መብራት ይውላል። አራተኛ፣ የኮምፖስቱ ቦታ ከምሥራቅ አጥራችን ውጭ፣ በሸለቆው አፋፍ ባለው ክፍት መሬት ላይ ይሆናል።

ለምን አሁን እንደተነሳን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ሰነዱን የሚያነበው ባለሥልጣን በራችን ላይ ስላልቆመ በመግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ። በበሩ ያለው ስምንት ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ገንዳ ከሞላ በኋላ መኪናው የሚዘገይባቸው ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት ከገንዳው ግርጌ የሚወጣው ጥቁር ውኃ በኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ እየተከተለ እስከ ዳቦ ቤቱ ደረጃ ይደርሳል፤ ጠዋት ዳቦ ለመግዛት የሚሰለፈው ሰውም አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል። ወደ ቦሌ አራብሳ ስንገባ የተረከብነው ሕንፃ እንጂ ከተማ አልነበረም። መንገዱ፣ ውኃውና ትራንስፖርቱ እየተጎተተ ሲደርስ የቆሻሻው ነገር ግን ቤቱን በሞላነው ፍጥነት እየከበደ ሄዷል።

ከመሃል ከተማ የተነሳ ቆሻሻ የሚሄድበትን ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የምንለው ስፍራ፣ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲቆለልበት ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወት አልፏል። በዚያ የሞቱት በአብዛኛው በክምሩ ሥር ቤት ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላም፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በካምፓላ ከተማ የኪቴዚ ክምር በዝናብ ወቅት ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእኛ ቤት የሚወጣው ልጣጭ እዚያ ክምር ላይ የሚጨምረው ክብደት እንዳለ ተረድተን እንድንወያይ እጠይቃለሁ። አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ይሰጥ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ምሽት

ረቂቁ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ ጸሐፊያችንን አመሰግናለሁ። በተለይ ሦስተኛው ነጥብ እንዳይነካ አደራ እላለሁ። የመተላለፊያ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር በየበሩ እየዞርኩ የምለምነው እኔ ስለሆንኩ፣ ከራሳችን ቤት የሚወጣ ሃይላንድ ተሽጦ አምፖል ቢገዛ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም። ቁራሌው ከበር ላይ ረክሶ የሚወስደው ዕቃ ምናለሽ ተራ ሲደርስ የሚያወጣውን ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ይስማማኛል።

የቤት ለቤት ሰብሳቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ማክሰኞ ረፋድ

ስለጋበዛችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ እኛ ሥራ በሚመከርበት ስብሰባ ስንጠራ ይህ የመጀመሪያችን ነው፤ ስለዚህ የምናገረው ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም በቅንነት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ረቂቁን ለአባሎቻችን ትናንት ማታ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ማንም አልተናገረም፤ ከዚያ ከመካከላችን በዕድሜ ታናሽ የሆነችው «ታዲያ እኛ ምን ልንበላ ነው?» አለች። ለምን እንዳለች ላስረዳ። እኛ ደመወዝተኞች አይደለንም። የሚከፈለን ከየቤቱ ሰብስበን፣ በጋሪ ገፍተን፣ ገንዳ ውስጥ ባስገባነው ቆሻሻ መጠን፣ በሜትር ኪዩብ ተለክቶ ነው። ገንዳው ሲሞላ ተመዝግቦ ይፈረማል፤ በተፈረመው ልክ ይከፈላል፤ የሚከፈለውንም ለአባላት እንካፈላለን። ስንት ደረጃ እንደወጣን፣ ስንት በር እንዳንኳኳን፣ ግቢው ጸድቶ እንደሆነ በዚህ ልኬት ውስጥ አይገባም።

አሁን ረቂቁን በዚህ ዓይን አንብቡት። በሁለተኛው ነጥብ ከገንዳው የሚቀነሰው የሚበሰብሰው ቆሻሻ ነው። እኛ ባለፈው ሳምንት በጸሐፊው ጥያቄ ከአንድ ብሎክ የወጣውን ስንለይ ከሰባት ማዳበሪያ አራቱ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የደረቀ እንጀራ ነበር። ያ ከገንዳው ከቀረ ከገቢያችን ግማሽ የሚሆነው ቀረ ማለት ነው። በሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ሃይላንዱና ካርቶኑ ለማኅበራችሁ ይሆናል ይላል። ከሜትር ኪዩቡ ክፍያ ውጭ ያለን ብቸኛ ድጎማ እሱ ነው፤ ቦት ጫማ የምንገዛው፣ የጋሪ ጎማ ሲፈነዳ የምናስጠግነው ከእሱ ነው። ስለዚህ ሰነዱ እንደተጻፈ ከጸደቀ ግቢያችሁ ይጸዳል፣ መተላለፊያችሁ ይበራል፣ የሚያጸዱላችሁ ሰዎች ግን ሥራቸውን ይለቃሉ። ወጪውን የምንሸፍነው እኛ መሆናችን ሳይጻፍ ታልፏል።

መለየቱን አንቃወምም፤ እንዲያውም ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን። ዳይፐርና የተሰበረ ብርጭቆ ከወጥ ፍርፋሪ ጋር በአንድ ፌስታል ታስሮ ሲሰጠን እጃችንን ከትተን የምንለየው እኛው ነን። ባለፈው ጾም ፍቺ ማግስት አንዲት እህታችን በጓንቷ ውስጥ ያለፈ መርፌ ወግቷት ለሳምንታት ስትመላለስ ቆይታለች። የምንለው ይህን ነው፦ ለለየ ቤት ምስጋና ይድረሰው፤ የሚለየው ነገር ግን የማን እንደሆነና የጎደለው ክፍያ በምን እንደሚተካ ሰነዱ ላይ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ቀትር

እህታችን፣ የአከፋፈሉን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት። የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ ከተረከብኩበት ጊዜ ጀምሮ የምትቀበሉት ደመወዝ ይመስለኝ ነበር። ከላይ የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ ግን በእሱ ላይ አልሟገትም።

በግብርና ሥራ ያገለገሉ አባል (ብሎክ 3)፣ ማክሰኞ ምሽት

የአከፋፈሉን ጉዳይ ለሌሎች ትቼ ስለ ኮምፖስቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህ ነጥብ በሰነዱ ላይ በሦስት መስመር ታልፏል፤ ሥራው ግን በሦስት መስመር የሚያልቅ አይደለም።

ልጣጭ ብቻ ከተከመረ ኮምፖስት አይሆንም፤ ይሸታል፣ ይታመቃል፣ ዝንብ ያረባል። እርጥቡ ናይትሮጅን የበዛበት ስለሆነ ካርቦን የበዛበት ደረቅ ነገር ያስፈልገዋል፤ ተቀራራቢው ልኬት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው። በእኛ ሰፈር ደረቁ ከየት ይመጣል? ከጫት ቤቶቹ። የሚጣለው ገረባ ገንዳውን በከንቱ የሚሞላ ነው፤ ይሁን እንጂ ግንዱ እንዳለ ከገባ ዓመት ቢቆይም አይበሰብስም፤ በገጀራ ወይም በመኖ መክተፊያ በጣት ርዝመት መከተፍ አለበት። ከአናጢው ቤት የሚወጣው ሰጋቱራም ይረዳል፤ ቀለም የነካው ግን አይገባም።

ክምሩ በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ቢያንስ አንድ አንድ ሜትር ካልሆነ ሙቀት አይዝም። በደንብ ከተሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የአረም ዘርንና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚገድለው ያ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ብረት ሰክቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አውጥቶ በመዳፉ ይይዘው፤ ይዞ መቆየት ካልቻለ ክምሩ እየሠራ ነው። ለእርጥበቱም መለኪያው እጅ ነው፤ አንድ እፍኝ ጨብጠህ ስትጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ደረቅ ይጨመር፣ ስትለቀው ከተበተነ ውኃ ይርከፈከፍ። በየሳምንቱ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ አየር ካልገባው የሚሆነው ቆሼ ላይ የሆነው ነው፤ ያለ አየር የሚበሰብስ ቆሻሻ ሚቴን ጋዝ ይፈጥራል፣ ጥቁር ፍሳሽም ያወጣል። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ የተሞከረው ፉኩኦካ የሚባለው የጃፓን ዘዴም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ በክምሩ ውስጥ ቱቦ ዘርግቶ ፍሳሹን ማውጣትና አየር ማስገባት። እኛ ከዚያ ደረጃ ሳይደርስ አካፋ ብቻ እንጠቀማለን።

ለክረምት ጣሪያ የግድ ነው። ሐምሌ ሲገባ ጣሪያ የሌለው ክምር ኮምፖስት ሳይሆን ጭቃ ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ወር የቆየ ክምር ይደርሳል፤ ይዘቱም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ሽታውም የጫካ አፈር ሽታ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ በአባላት ተራ ይሠራል የሚለውን አንቀጽ ያነበብኩት በፈገግታ ነው። የደረጃ ጽዳት ተራ እንዴት እንደቀረ ሁላችን እናስታውሳለን።

የአጎራባች አርሶ አደሮች ተወካይ፣ ረቡዕ ጠዋት

ይህን የምጽፈው አባቴ እየነገሩኝ ነው፤ እሳቸው ማንበብ ስለሚከብዳቸው ረቂቁን አንብቤላቸዋለሁ። አራተኛው ነጥብ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ክፍት መሬት» የተባለው ቦታ ክፍት አይደለም። በክረምት ከብቶቻችን የሚግጡበት ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የምንቀዳው ምንጭ አለ። እናንተ የሰፈራችሁበት መሬትም ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ነበረበት፤ ያንን ለመውቀስ አላነሳሁትም፤ ሕንፃው ቆሟል፣ ጎረቤት ሆነናል፣ በለቅሶም በሠርግም ተገናኝተናል። ነገር ግን ለከተማው ቤት ሲያስፈልገው ከእኛ ተወሰደ፤ አሁን ለከተማው ቆሻሻ ቦታ ሲያስፈልገው ዓይኑ ተመልሶ ወደ እኛ ሲመጣ ዝም ማለት አንችልም።

የሰንዳፋን ነገር የምትረሱት አይመስለኝም። በ2008 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ተብሎ በብዙ ወጪ የተሠራው ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ የተዘጋው አርሶ አደሮቹ ሽታውንና ወደ ውኃቸው ይገባል ያሉትን ፍሳሽ ተቃውመው ስለተነሱ ነው። ከዚያም የከተማው ቆሻሻ ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን ጸሐፊው ከላይ ጽፈውታል። ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ጉድጓድ መጥፎ ነበር ለማለት ሙያው የለኝም። የገበሬው ፈቃድ ግን ከጉድጓዱ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

አባቴ ሁለት ነገር ጻፊልኝ ብለዋል። የመጀመሪያው፣ ቦታው ከአጥሩ ውጭ ከሆነ አንስማማም። ሁለተኛው፣ ኮምፖስቱ ንጹሕ ከሆነ ለጎመንና ለድንች እንወስዳለን፣ ዋጋም እንነጋገራለን፤ ዛሬ የፋብሪካ ማዳበሪያ ዋጋው የት እንደደረሰ ይታወቃል። ፌስታል የተቀላቀለበት ከሆነ ግን በነጻም አንቀበልም። ፌስታል የበላች ላም ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት አንጀቷ ተከፍቶ የወጣውን ያየ ሰው አያስገድደንም።

የብሎክ 14 ተወካይ፣ ረቡዕ ቀትር

ለሁሉም አክብሮት አለኝ፤ ግን መንገዱን የምናጠማዝዘው ይመስለኛል። ረጲ ላይ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያስተናግድ ተብሎ የተሠራ ነው። እኛ መጠየቅ ያለብን መኪናው በሰዓቱ እንዲመጣና እዚያ እንዲያደርስልን ነው። በግቢ ውስጥ ልጣጭ መገልበጥ የገጠር ሥራ ነው። ደግሞም ቦታው ከአጥር ውጭ ካልሆነ የት ሊሆን ነው? መኪና ማቆሚያው ላይ እንዳትሉኝ።

በግብርና ሥራ ያገለገሉ አባል፣ ረቡዕ ቀትር

ልጄ፣ ጣቢያው ጠቃሚ ነው፤ ግን እሳት የሚወደው ደረቅ ነገር ነው። ከእኛ ገንዳ ከሚወጣው ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ያዘለ ልጣጭ ነው፤ እሱን ለማቃጠል መጀመሪያ ውኃውን ማትነን ያስፈልጋል፤ ያም ከሚገኘው ሙቀት ላይ ይበላል። እርጥቡን እዚህ ካስቀረን ወደ ጣቢያው የሚሄደው ደረቁ ይሆናል፤ ጭነቱም ይቀልላል። ውኃ ከቦሌ አራብሳ እስከ ረጲ፣ ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራቡ፣ በመኪና ማጓጓዝ በዚህ የነዳጅ ዋጋ ምን ይባላል? ስለ ገጠር ሥራው ደግሞ፣ ያደግሁበት ነውና አላፍርበትም።

የእድሩ ሰብሳቢ፣ ረቡዕ ምሽት

ቀስ ብዬ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ዘግይቼ መጣሁ። ሁላችሁም ስለ ግቢያችሁ ጽፋችኋል፤ እኔ ስለ ግቢው ማዶ ልናገር።

ከሸለቆው ወዲያ ያሉትን የጨረቃ ቤቶች የምታውቋቸው በመስኮት ነው፤ እኔ የማውቃቸው በእድር መዝገብ ነው። እነዚያ ሰዎች ቆሻሻቸውን ሸለቆ ውስጥ የሚጥሉት ስልጣኔ ጎድሏቸው አይደለም። የጽዳት አገልግሎት ክፍያ በአዲስ አበባ ከውኃ ሂሳብ ጋር ተያይዞ የሚሰበሰብ መሆኑ ይታወቃል። ቆጣሪ ያለው ይከፍላል፤ ቆጣሪ የሌለው ውኃውን በጀሪካን ከቆጣሪ ካለው ሰው ይገዛል፤ ስለዚህ በጀሪካኑ ዋጋ ውስጥ የጽዳቱንም ከፍሏል ማለት ነው፤ ጋሪው ግን በሩ ላይ አይደርስም፤ ምክንያቱም መንገድ የለም፣ ቤቱም በዝርዝር ላይ የለም። ከፋይ ሆኖ ሳለ እንዳልከፈለ ይቆጠራል። የእናንተም ነገር ቢሆን ይህን አሠራር ስትመረምሩት የሚገርም ነው፤ ላይኛው ፎቅ ውኃ በፈረቃ በሚያገኝበት ወር የጽዳት ክፍያውም ይቀንሳል፣ ቆሻሻው ግን በፈረቃ አይወጣም። ስድስት ልጅ ያላት እናት ልብስ ባጠበች ቁጥር ለቆሻሻ ትከፍላለች፤ ብቻውን የሚኖረው ሰው ምግብ ከሆቴል በፕላስቲክ እያስመጣ ጥቂት ይከፍላል።

የሸለቆው ቆሻሻ ደግሞ እዚያው አይቀርም። በሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ የእናንተን የጎርፍ መውረጃ ቱቦ የሚደፍነው እሱ ነው፤ ያለፈውም ወርዶ ወርዶ ወደ አቃቂ ነው፤ በዚያ ውኃ የሚለማውን ሰላጣና ቆስጣም መልሰን የምንበላው እኛው ነን። ስለዚህ ሰነዱ ስለ ግቢው ብቻ ከሆነ እድሩ ፊርማውን አያኖርም። ማዶውን ካካተታችሁ እድሩ የየቤቱን ዝርዝር ይሰጣል፣ በየወሩ በሚሰበሰብበትም ቀን ስለ መለየቱ ያስተምራል። መንገዱ ጋሪ ባያስገባም በሸክም ወጥቶ የሚቀመጥበት አንድ የጋራ ነጥብ ቢበጅ ይበቃል።

የብሎክ 7 አባል፣ ረቡዕ ሌሊት

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ስለከለከለ፣ እርጥቡን በምን እናስቀምጥ? በፌስታል ካልሆነ ከሦስተኛ ፎቅ የሚንጠባጠብ ነገር ተሸክሞ የሚወርድ ልጅ አላገኝም።

የቤት ለቤት ሰብሳቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ሐሙስ ጠዋት

እህቴ፣ የቀለም ባልዲ በቂ ነው፤ ከነክዳኑ። ቀለም ቀቢዎች የሚጥሉትን ታጥቦ በርካሽ ይገኛል። ከታች አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ወይም አመድ ይደረግ፤ አይንጠባጠብም፣ ሽታውም ይቀንሳል። ባልዲውን በራችሁ ላይ አስቀምጡት፤ እኛ ደረጃውን እንወጣለን፤ ድሮም የምንወጣው እኛ ነን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሐሙስ ማታ

ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ረቂቁን ስጽፍ ከጥሩ ሐሳብ የተነሳሁ ቢሆንም ሁለቱን ክፉ ነጥቦች ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰብሳቢዎቹን ስመለከት የጎደለብኝን ለማስተዋል የካይሮን ታሪክ ማስታወስ ነበረብኝ። በዚያ ከተማ ዘባሊን የሚባሉት ቤት ለቤት ሰብሳቢዎች ከሚያነሱት 80 በመቶ ያህሉን መልሰው ለጥቅም ያውሉ እንደነበር ይነገራል። በፈረንጆቹ 2003 ሥራው ለውጭ ኩባንያዎች በኮንትራት ተሰጠ፤ ክፍያው ከመብራት ሂሳብ ጋር ተያያዘ፤ ኩባንያዎቹ ግን በውላቸው እንዲያውሉ የተጠየቁት 20 በመቶውን ብቻ ነበር። በር ላይ የሚመጣውን ሰው በመንገድ ዳር ገንዳ ተኩ፤ ነዋሪውም አልለመደውም። እኛም በትንሹ ያንኑ ልናደርግ ነበር።

ሦስተኛው ረቂቅ እንደሚከተለው እንዲነበብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

መለየትን በሚመለከት፦ «በ1999 ዓ.ም. ከወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ጀምሮ መልሶ ለጥቅም የሚውለውን ከሚወገደው መለየት ከቤቱ ኃላፊ የሚጠበቅ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ የተለየው ገንዳ ውስጥ ተመልሶ የሚቀላቀል በመሆኑ ነዋሪው ሳይለምደው ቆይቷል። ስለዚህ እርጥቡ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ደረቁ በማዳበሪያ ከረጢት ተለይቶ ይሰጣል፤ ዳይፐር፣ መርፌና ስባሪ ብርጭቆ ለብቻቸው በወረቀት ተጠቅልለው ምልክት ይደረግባቸዋል።»

ባለቤትነትን በሚመለከት፦ «ተለይቶ የተሰጠ ማንኛውም የሚሸጥ ዕቃ፣ እንዲሁም የሚመረተው ኮምፖስት፣ የሰብሳቢዎቹ ማኅበር ንብረት ነው። የነዋሪዎች ማኅበር ከዚህ ገቢ ድርሻ አይጠይቅም።»

ክፍያን በሚመለከት፦ «ወረዳው ለሰብሳቢዎቹ የሚከፍለውን ገንዳ በገባ ሜትር ኪዩብ ብቻ ከማስላት ይልቅ፣ ለስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ያለፈው ዓመት አማካይ ክፍያቸው ሳይቀነስ እንዲቆይና በአገልግሎቱ በተዳረሱ ቤቶች ቁጥር እንዲሰላ እንጠይቃለን። ወደ ገንዳው የሚገባው ሲቀንስ የሚተርፈው የማጓጓዣ ወጪ ለዚህ ምንጭ ይሆናል።» ይህ የሰነዱ እምብርት ነው፤ ወረዳው ከሁሉ በላይ የሚከራከረንም በዚህ ነው። ለልኬት የሚሆን መዝገብ ከአሁኑ ብንጀምር መልስ እናገኛለን፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን ገንዳው በተነሳ ቁጥር ቀኑን እንዲመዘግቡ እለምናለሁ።

ማዶውን በሚመለከት፦ «በሸለቆው ማዶ ያሉ ቤቶች ቆጣሪ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ በእድሩ ዝርዝር መሠረት የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ይሆናሉ፤ በእግር መሄጃው ድልድይ አጠገብ ጣሪያ ያለው የጋራ መረከቢያ ይሠራል።» እዚህ ላይ ስለ መሬት ይዞታ ምንም አልጻፍንም፤ መጻፍም የለብንም። ሁለቱን ጉዳይ ካቀላቀልን ሰነዱ ከጠረጴዛ አይነሳም።

ቦታውን በሚመለከት፦ «ኮምፖስቱ በግቢው ውስጥ፣ ከብሎክ 11 ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ስድስት ቦታ ላይ፣ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ተሠርቶለት ይዘጋጃል።» የብሎክ 3 ጋሼ እንዳሉት በአባላት ተራ ሳይሆን በሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሁለት ሰዎች ይሠራል።

የብሎክ 14 ተወካይ፣ ሐሙስ ማታ

ያልኩት ደረሰ። ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ። መኪና ስላለኝ ብቻ አይደለም የምቃወመው፤ ከብሎክ 11 ጀርባ የሚኖሩት መስኮታቸው በዚያ በኩል ነው፣ እነሱንም የጠየቀ የለም። ሌላውን አንቀጽ ሁሉ እደግፋለሁ፤ የክፍያውን አንቀጽ በተለይ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሐሙስ ሌሊት

ተቃውሞው በሙሉ ቃሉ ተመዝግቧል፤ ከሰነዱም ጋር አባሪ ሆኖ ይሄዳል። ስለ ብሎክ 11 የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከአጥር ውጭ ያሉትን ሳንጠይቅ ልንወስን እንደነበረው ሁሉ ከአጥር ውስጥም ልንደግመው ነበር። ነገ ከሥራ በኋላ በየበራቸው ሄጄ እጠይቃለሁ። ካልተስማሙ ከጥበቃው ቤት ጎን ያለው ጥግ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ጠባብ ቢሆንም አራት ክምር ይይዛል።

የአጎራባች አርሶ አደሮች ተወካይ፣ ዓርብ ጠዋት

አባቴ ተነቦላቸው ተስማምተዋል። የመኖ መክተፊያችን ዲናሞው ቢደክምም ይሠራል፤ ለገረባው ካስፈለገ ቅዳሜ ልጆቹ በጋሪ ያመጡታል። የሚመለሰው ግን ታጥቦ ነው፤ ከብት ጫት አይለምድብኝ ብለዋል።

የቤት ለቤት ሰብሳቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ዓርብ ጠዋት

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ይዤ እገኛለሁ። አካፋ አለን፤ ሹካ የለንም። ባልዲው ከብሎክ 3 እና ከብሎክ 7 ይጀመር፤ ብሎክ 11 እሺ ካለ ደግሞ የእነሱን ደረጃ በመጀመሪያ እኔው ራሴ እወጣለሁ።